ሎኬተሩ 1.80 አለ፣ ቧንቧውን ግን 1.55 ላይ መታነው

ባለፈው ሳምንት ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ቢመልስልኝ ነው ብዬ፤ 19 ምላሽ መጣ። ግማሹ አስተማረኝ፣ አንዳንዱ ሰደበኝ፣ ሁለቱ ደግሞ ሥራ ካለ ብለው ጠየቁ። ክሩን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ለሰለቸው ሰው በቁጥሩ መሠረት በራሴ አፍ ልተርከው። የሰውን ቃል እንዳለ አልገለብጥም። የተሰደብኩበትን ግን አልዘለልኩም።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው አካባቢ የፋይበር ቱቦ ከአስፋልት ሥር እናሳልፍ ነበር። መንገዱ አይቆረጥም። ማሽኑ ከአንዱ ዳር የብረት ዘንግ፣ ሮድ የምንለውን፣ እየቀጠለ በአግድም ይሰረስርና በሌላው ዳር ይወጣል። የእኔ ሥራ ከላይ ነው። የመሰርሰሪያው ጭንቅላት ውስጥ ትራንስሚተር አለ፤ እኔ ሪሲቨሩን፣ ሎኬተር የምንለውን፣ ይዤ ከላዩ እየተከተልኩ ጥልቀቱን፣ አቅጣጫውን፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ማዘንበሉን ለኦፕሬተሩ በሬዲዮ እነግረዋለሁ። ከመንገዱ ማዶ የውሃ ቧንቧ አለ። ፕላስቲክ ነው፣ ባለ 110 ሚሊ ሜትር። አናቱ 1.50 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው ተብለናል። እንግዲያው በ1.80 ከሥሩ እንለፍ ተባለ። ስክሪኑ 1.80 እያለኝ ደቂቃ ሳይቆይ መሬቱ ውሃ ተፋ። ሲቆፈር ጭንቅላቱ 1.55 ላይ ቧንቧው ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ሰፈሩ ሦስት ቀን ውሃ አጣ። ቢጫ ጀሪካን የያዙ እናቶች ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም። ፎርማኑ ማሽኑ ቧንቧውን እንዴት አላየውም ብሎ ከደሞዜ ሊቆርጥ ነው። እኔ ደግሞ ካሊብሬት ያደረግኩት፣ ማለትም ከሥራው በፊት የትራንስሚተሩን ምልክት በሚታወቅ ርቀት ለሪሲቨሩ ያስጠናሁት፣ የፌሮ ክምር አጠገብ ስለነበር እሱ አሳስቶኝ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ጥፋቱ የማሽኑ ነው የእኔ?

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ሰው ስላልተጎዳ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ጀመረና ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ካሊብሬሽኑን በስንት ሜትር ነው ያደረግከው? ሪሲቨሩን መሬት ላይ አስቀምጠህ ነው ያነበብከው ወይስ በእጅህ አንጠልጥለህ? ትራንስሚተሩ ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር ወይስ ውጪ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ልቤ ድንግጥ አለ። ግን ወዲያው አልመለስኩም።

2ኛው አጭር ነው። ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ገዝቶ ማልቀስ ምንድነው አለ። ዕቃችን ያገለገለ መሆኑን ማን እንደነገረው አላውቅም። ልክ ግን ነው።

3ኛው ለፎርማኔ ጥያቄ መልስ ሰጠ፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። የሰርሳሪው ሪሲቨር የሚሰማው የራሱን ትራንስሚተር ብቻ ነው። መንገዱ ላይ ቧንቧ ይኑር፣ ኬብል ይኑር፣ የሰው ቤት መሠረት ይኑር፣ አያውቅም። ቧንቧና ኬብል የሚፈልገው ሌላ መሣሪያ ነው። እሱም ቢሆን ገደብ አለው። ኬብሉ ኃይል ካልተሸከመ በኃይል ሞዱ አይሰማውም፤ የምልክት ጀነሬተሩን ኬብሉ ላይ አገናኝተህ ራስህ ምልክት መላክ አለብህ። ፕላስቲክ ቧንቧን ደግሞ ጨርሶ አይሰማም፣ አብሮት የተቀበረ ሽቦ ከሌለ። የመሬት ራዳር አለ የሚል ካለ ደግሞ የእኛ አካባቢ ጥቁር አፈር እርጥብ ጭቃ ስለሆነ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ብዙ አይጠልቅም። ስለዚህ ቧንቧው የት እንዳለ በዓይን ማየት የፈለገ በእጅ ቆፍሮ ይግለጠው ብሎ ጨረሰ። ይሄን ለፎርማኑ አነበብኩለት። ዝም አለ። ዝምታው ግን የመስማማት አይመስልም ነበር።

4ኛው እኔው ነኝ። ለ1ኛው መለስኩ። ሪሲቨሩ መሬት ላይ ነበር። ርቀቱ 3 ሜትር ነበር፣ በሜትር ለክቼ። ትራንስሚተሩ ግን ውጪ ነበር። ቸኩለን ነበር፤ ኦፕሬተሩ ጭንቅላቱን ሮዱ ላይ እያጠበቀ ሳለ እኔ ትራንስሚተሩን እንጨት ላይ አስቀምጬ ካሊብሬት አደረግኩት። ከዚያ አስገባነው። ይሄን ስጽፍ እጄ እየከበደኝ ነበር።

5ኛው ሒሳብ ያመጣው ሰው ነው። መጀመሪያ የፌሮውን ጥርጣሬዬን አፈረሰው። አጠገብ ያለ ብረት ብዙ ጊዜ ምልክቱን ያደክማል። ካሊብሬሽን ላይ የደከመ ምልክት ከለመደ፣ በኋላ ንጹሕ ቦታ ሲደርስ ጠንከር ያለ ይሰማና ጭንቅላቱ ከእውነቱ ይልቅ የቀረበ ይመስለዋል። የእኔ ስህተት ግን በተቃራኒው ነው፤ ሪሲቨሩ የራቀ መስሎታል። ስለዚህ ምክንያቱ ትራንስሚተሩ ውጪ መሆኑ ነው አለ። ጭንቅላቱ ብረት ነው። ምልክቱ እንዲወጣ ጎኑ ላይ ስንጥቆች ቢኖሩትም የተወሰነውን ይይዘዋል። ከዚያ ቁጥር። ምልክቱ የሚዳከመው በርቀቱ ኩብ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ስምንት ጊዜ ያንሳል። 1.80ን ለ1.55 አካፈለ፣ 1.16 መጣ። ኩብ ሲያደርገው 1.57 ገደማ። ይሄ ማለት ብረቱ ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ከሲሶ በላይ አጥቷል ማለት ነው። ሪሲቨሩ አልዋሸም፣ አንተ ነህ ውሸት ያስጠናኸው ብሎ ዘጋው። ወረቀት አውጥቼ ደግሜ ሠራሁት። ትክክል ነው።

6ኛው ሰደበኝ። ማን ነው ይሄን ሰው መሣሪያ ያስያዘው፣ ሰርተፊኬት የለህም ወይ፣ የሕዝብ ንብረት መጫወቻ አደረጋችሁት አለ። ሰርተፊኬት አለኝ። ሥልጠናው ላይ ስለ ካሊብሬሽን ሲነገር ስልክ ላይ ነበርኩ ይሆናል።

7ኛው ላይ ነው ነገሩ መልኩን የቀየረው። እኚህ ሰውዬ በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስላሉ፤ ሁሉም በኋላ ጋሼ ማለት ጀመረ። ልጆቼ፣ ስለ ቧንቧ ብዙ አወራችሁ፣ ቧንቧ ይጠገናል አሉ። ከዚያ ሰበታ መንገድ ላይ ያዩትን ነገሩን። ሰርስረው ማዶ ወጥተዋል። ጭንቅላቱ ተፈትቶ ማስፊያው፣ ሪመሩ ማለት ነው፣ ይገጠማል። ኦፕሬተሩ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ነው፣ መውጫ ጉድጓዱ አይታየውም። ሎኬተር ይዞ የቆመው ልጅ የሬዲዮው ባትሪ አልቋል። አንድ ረዳት ትልቁን መፍቻ ሮዱ ላይ አድርጎ ተደግፎታል። ከመንገድ ላይ አንዱ መንገደኛ ለሌላ ሰው ጮኸ፤ መሃል የቆመው ሠራተኛ ጨርሰናል የተባለ መሰለውና ለኦፕሬተሩ እጁን አወዛወዘ። ሮዱ ዞረ። መፍቻው የልጁን ክንድ ሁለት ቦታ ሰበረው። ጋሼ የሚሉት ሎኬተር የያዘው ሰው ሥራ ቁጥር ማንበብ ብቻ አይደለም፣ ከርቀት ማሽኑን የሚቆልፍ መሣሪያ በእሱ እጅ መሆን አለበት ነው። እሱ ካልከፈተው ሮዱ አይገፋም፣ አይዞርም። ሰው ጉድጓድ ውስጥ ካለ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይሁን። ሬዲዮ ከተቋረጠ ደግሞ ዝምታ ማለት ቁም ማለት ነው። ዝምታን ቀጥል ብሎ የተረጎመ ሰው ገዳይ ነው አሉ፣ በዚሁ ቃል ሳይሆን ከዚህ በባሰ።

8ኛው ለመከራከር ገባ። የርቀት መቆለፊያው ሥራ ያዘገያል፣ እኛ ዓመታት በእጅ ምልክት ሠርተናል፣ ምንም አልሆንን አለ።

9ኛው እንደ እሳት ሆኖ መጣ። ምንም አልሆንን ያልከው ገና ስላልሆናችሁ ነው አለው። እኔም ልጨምር ፈልጌ ተውኩት፤ ካሊብሬሽን ያበላሸ ሰው ስለ ደህንነት ለመናገር ለጊዜው አፍ የለውም።

10ኛው ስለ መብራት ጠየቀ። አዲስ ይመስላል፣ ጥያቄው ግን ጥሩ ነው። ጭንቅላቱ 15 ኪሎ ቮልት ኬብል ቢነካ ከላይ ሪሲቨር ይዞ የቆመው ሰው ምን ያደርጋል? 11ኛው፣ በኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው፣ ረጅም ምላሽ ጻፈ። ማሽኑ ላይ የንክኪ ማንቂያ አለ፤ የመሬት ዘንጉ ካልተተከለ ግን ማንቂያውን አትመኑት። ከሥራ በፊት ይፈተሽ፣ ጠዋት ጠዋት። ማንቂያው ከጮኸ ወንበሩ ላይ ያለው ኦፕሬተር እዚያው ይቀመጥ። አንድ እግሩ ማሽኑ ላይ ሌላው መሬት ላይ ሆነ ማለት መብራቱ በእሱ በኩል አለፈ ማለት ነው። ከማሽኑ ጋር የተያያዘው የብረት ምንጣፍ ላይ ያለ ከምንጣፉ አይውረድ። የመሰርሰሪያውን ጭቃ የሚያቀብለው ልጅ ቱቦውንም ታንከሩንም አይንካ። ሪሲቨር የያዘው ደግሞ ወደ ማሽኑ አይሩጥ። ልርዳ ብሎ የሚሮጥ ነው የሚሞተው። እግሩን ገጥሞ ይቁም፤ መራቅ ካለበት እግሩን ሳያነሳ፣ ሳያራርቅ፣ እየጎተተ ይራቅ፤ መሬቱ ራሱ በአንድ እርምጃ ርቀት የተለያየ ቮልቴጅ ሊኖረው ይችላልና። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን ቦት ጫማ ኦፕሬተሩ ብቻ ሳይሆን ሎኬተር የያዘውም ይልበስ። መብራቱ ጠፋ ተብሎ ደግሞ አይታመን፤ ብሬከሩ ራሱ ሊመለስ ይችላል። የመብራት ሰዎች መጥተው በቃል ዘግተነዋል እስኪሉ ማንም አይንቀሳቀስ። እኔ እስከዛሬ በተራ የቆዳ ጫማ ነው የምሄደው። በአንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ በሸራ።

12ኛው የእኔን ሥራ የሚሠራ የቃሊቲ ልጅ ነው። ትልቁ አደጋ ከመሬት በታች አይደለም አለ። ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ነው፣ እግርህ አስፋልቱ ላይ፣ ከኋላህ ሲኖትራክ ይመጣል። አንድ ቀን ሚኒባስ የሪሲቨሩን መያዣ ገጭቶት አልፏል፤ እሱ የተረፈው በአንድ ክንድ ርቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ባንዲራ የያዘ ሰው ከጎኑ ካልቆመ አስፋልት አይረግጥም። የዚያ ሰው ሥራ መኪና ማየት ብቻ ነው። ሻይ አያመጣም፣ ስልክ አያወራም። ይሄን ያነበበው 13ኛው ደግሞ ወደ ሾፌሮች ወረደ፤ ሰባት መስመር ስለ ሲኖ ሾፌሮች ብቻ ጻፈ። እውነት ቢሆንም ከጉዳያችን ወጣ። ጠብ ሊነሳ ሲል ጋሼ መጥተው በ14ኛው ምላሽ ወደ መሬት መለሱን።

እሳቸው ያሉት በእንዶዴ በኩል የጅቡቲው ባቡር መስመር አጠገብ ሲሠሩ ቁጥሩ እንዴት እንደዘለለባቸው ነው። መስመሩ በ25 ኪሎ ቮልት የሚሄድ ነው። ሪሲቨሩ አንዴ 2 ሜትር፣ አንዴ 4 ሜትር ይላቸዋል፣ ጭንቅላቱ ቆሞ ሳለ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የትራንስሚተሩን ባትሪ ያወጡና ሪሲቨሩን ብቻ ይዘው መንገዱን ከጫፍ ጫፍ ይሄዱታል። ትራንስሚተር ሳይኖር ሪሲቨሩ የሚሰማው ሁሉ ጫጫታ ነው። ጫጫታው የበዛበትን በኖራ ያሰምሩበታል። ሌላ ፍሪኩዌንሲ ያለው ትራንስሚተር ካለ ይቀይራሉ። ከሌለ ሪሲቨሩን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይረዳል፤ ግን ከመሬት ያለውን ከፍታ መሣሪያው ላይ ማስገባት አይረሳ፤ ያለዚያ የራስህን ቁመት እንደ አፈር ይቆጥርልሃል። የሚዘል ቁጥር አይነበብም፣ ይጠበቃል አሉ።

15ኛው ስለ 1.80 ራሱ ነው፣ ስለ ካሊብሬሽን አይደለም። ካሊብሬሽንህ ትክክል ቢሆንስ አለኝ። የቧንቧው ሥር 1.61 ነው። አንተ 1.80 ላይ። መሃሉ 19 ሳንቲ ሜትር። ባለ 20 ሳንቲም ሪመር ስታስገባ 10 ሳንቲሙ ወደ ላይ ይሄዳል፤ 9 ቀረህ። በ9 ሳንቲ ሜትር ነው በሰው ቧንቧ ሥር የምታልፈው? መልስ የለኝም። እሱም ቢሆን 1.50 ያለን ሰው በትክክል ለክቶ ከሆነ ነው። እኛ አልቆፈርንም፣ አላየነውም። ቀጠለና ካርታ አትመኑ አለ፤ ከከተማው ዳር ያሉ ሰፈሮች ብዙው መስመር ነዋሪው አዋጥቶ የቀበረው ነው፣ ቢሮ ያለው ወረቀት ላይ የለም። ከወረቀቱ በፊት ጀበና ቡና የምትሸጠውን ጠይቁ፤ የማን ቧንቧ የት እንደሚያልፍ እሷ ታውቃለች። ሳቅኩ። ግን እኮ የእኛን ቧንቧ መጀመሪያ ያሳየችን በቆሎ የምትጠብሰው ልጅ ነበረች። በጣቷ። እኛ ሻይ እየጠጣን ሰማናት።

16ኛው ያለ ስክሪኑ ቁጥር፣ በሜትር ብቻ ጥልቀት የሚፈተሽበትን መንገድ አመጣ። በሥልጠና ሰምቼው የረሳሁት ነገር ነው። ሪሲቨሩ ከጭንቅላቱ ፊት አንድ ነጥብ፣ ከኋላው አንድ ነጥብ ያገኛል። ጭንቅላቱ አግድም ከሆነ፣ ፒቹ ወደ ዜሮ ከሆነ ማለት ነው፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ርቀት መሬት ላይ ትለካና በ0.7 ታባዛለህ። ጥልቀቱ እሱ ነው። ይሄ የምልክቱን ጥንካሬ አይጠይቅም፤ ቅርጹን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ካሊብሬሽን ቢበላሽም አይሳሳትም። በእኔ ጉዳይ ሁለቱ ነጥቦች 2.20 ያህል ተራርቀው ይገኙ ነበር፤ በ0.7 ሲባዛ 1.54። ስክሪኑ 1.80 ይላል፣ ሜትሩ 1.54 ይላል፤ እዚያ ላይ ቆሞ የማይጠይቅ ሰው የለም። ሜትር ኪሴ ውስጥ ነበር። ካሊብሬሽኑን የለካሁበት ሜትር።

17ኛው ቤንቶናይት፣ የመሰርሰሪያው ጭቃ የሚበጠበጥበት ሸክላ፣ የት በርካሽ ይገኛል አለ። ሁለቱ ሥራ ፈላጊዎች 18ኛና 19ኛ ናቸው፤ አንደኛው ጥቁር አፈር ላይ ጭቃ መበጥበጥ እችላለሁ ብሏል፤ ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። ከብረት፣ ከአጥርና ከመኪና ራቅ ብዬ። መጀመሪያ እንደዚያን ቀን ትራንስሚተሩን ውጪ አድርጌ በ3 ሜትር ካሊብሬት አደረግኩት፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ውስጥ አስገባሁት። 2 ሜትር ላይ ሳስቀምጠው 2.31 አለኝ። 3 ሜትር ላይ 3.47። ጠልቀን ቢሆን ኖሮ ስህተቱ እየባሰ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ እንዳለ እንደገና ካሊብሬት አደረግኩት። 2 ሜትሩን 2.01፣ 1 ሜትር ተኩሉን 1.50። ፎርማኑን ጠራሁት። ሜትሩን ራሱ ያዘ፣ ራሱ አነበበ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ይሄ ታዲያ ቧንቧውን አያይም ማለት ነው አለኝ። አያይም አልኩት።

የደሞዜ ጉዳይ እስካሁን አልተወሰነም። ሰኞ ቀጣዩን መሻገሪያ እንጀምራለን። ለሙከራ ጉድጓድ አራት ሰውና አራት አካፋ ጠይቄ ሁለት ሰውና አንድ አካፋ ተሰጥቶኛል።